ላቨንሃም፦ ሱፍ የሠራት፣ ማጣት ያቆያት

በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሰፎክ በሚባለው አውራጃ፣ ከለንደን በስተሰሜን ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ላቨንሃም የምትባል መንደር አለች። ነዋሪዎቿ ከ2,000 አይበልጡም። በመንግሥት የቅርስ መዝገብ የሰፈሩ ሕንፃዎቿ ግን ከ300 በላይ ናቸው፤ ብዙዎቹ ከ500 ዓመት በፊት በእንጨት ተዋቅረው በጭቃ የተመረጉ ቤቶች ናቸው። ሃይ ስትሪት፣ ወተር ስትሪት፣ ሌዲ ስትሪት በሚባሉት ጎዳናዎች ግራና ቀኝ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቆመዋል። አንዱ ወደ ጎረቤቱ አዘንብሏል፤ የሌላው ፎቅ ከምድር ቤቱ አልፎ ወደ መንገዱ ወጥቷል፤ የሌላው መስኮት ጥግ ከዘመመው ግድግዳ ጋር አብሮ ዘሟል።

እንዲህ ያለ ጎዳና በአንድ ወቅት በብዙ የእንግሊዝ ከተሞች ነበር። አብዛኛው በእሳት ወይም በሀብታሞች እጅ ፈርሷል። የላቨንሃም ለምን እንደተረፈ ለመረዳት ታሪኩን ከሥሩ መከተል ይጠይቃል፤ ቤቶቹን ያሠራው ገንዘብ ነበር፣ እንዳይፈርሱ ያደረጋቸው ደግሞ የገንዘብ መጥፋት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የላቨንሃም ርስት ለደ ቬር ቤተሰብ ተሰጠ። ቤተሰቡ ኋላ የኦክስፎርድ ኧርል የሚለውን ማዕረግ ይዞ ለብዙ መቶ ዓመታት የመንደሯ ጌታ ሆኖ ኖረ። በ1257 ንጉሥ ሄንሪ 3ኛ ላቨንሃም ላይ ገበያ እንዲቆም ፈቀደ። የገበያ ፈቃድ በዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነበር፤ ባለርስቱ ቀረጥ ያገኛል፣ ባለእጁና ነጋዴውም ገበያው አጠገብ ይሰፍራል። ኮረብታው አናት ላይ ያለው የገበያ ሜዳ ዛሬም በቦታው አለ፤ መንገዶቹም ከእሱ ተነሥተው ቁልቁል ይወርዳሉ።

ሰፎክ ለግንብ የሚሆን ጥሩ ድንጋይ የላትም። መሬቷ ከባድ የሸክላ አፈር ነው፤ ከእርሻው የሚለቀመው ባልጩት ነው፤ እሱንም በኖራ እያያያዙ ቤተ ክርስቲያን ይገነቡበታል። ኦክ የሚባለው ጠንካራ ዛፍ ግን በየጫካውና በየእርሻው ዳር ነበረ። ስለዚህ ሀብታሙም ድሃውም ቤቱን በእንጨትና በጭቃ ሠራ። ልዩነቱ የእንጨቱ ውፍረት፣ ብዛትና ቅርጻ ቅርጽ ላይ ነበር።

በ1348 የገባው ታላቁ ወረርሽኝ በሁለት ዓመት ውስጥ የእንግሊዝን ሕዝብ ሲሶ ወይም ከዚያ በላይ ፈጀ። ለተረፈው ሠራተኛ የቀን ሙያው ዋጋ ጨመረ። በዚያው ምዕተ ዓመት ማብቂያ የሰፎክ ገጠር ሱፍ መሸመን ይዞ ነበር። ገበያው ሜዳ ጥግ ላይ የሚገኘው ሊትል ሆል የተባለው ቤት የተጀመረው በዚያን ጊዜ፣ በ1390ዎቹ ነው፤ ያሠሩትም ኮስተን የተባሉ የጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው። በመጀመሪያው መልኩ የቤቱ ዋና ክፍል እስከ ጣሪያው ድረስ ክፍት የሆነ አንድ ሰፊ አዳራሽ ነበር። የጭስ ማውጫ የሚባል ነገር የለውም። እሳቱ ወለሉ መሐል ይነዳል፤ ጭሱም በገጠር ጎጆ እንደምናውቀው ወደ ላይ ወጥቶ በክዳኑ ክፍተት እየሾለከ ያልፋል። መስኮቱም መስተዋት አልነበረውም፤ የቆሙ የእንጨት ዘንጎች ተደርድረውበት በመዝጊያ ይዘጋል። እንዲህ ባሉ አሮጌ ቤቶች ውስጥ ወደ ቆጡ የሚወጣ ሰው ዛሬም የጣሪያው እንጨት በጥላሸት ጠቁሮ ያገኘዋል፤ ያ ጥላሸት ከ600 ዓመት በፊት የበሰለ ምግብ ጭስ ነው። ለእኔ ከማንኛውም ሰነድ የበለጠ ወደ ሰዎቹ የሚያቀርበኝ ይህ ነው።

ላቨንሃምን ያበለጸገው ሰማያዊ ጨርቅ ነበር። ሱፉ ከመፈተሉ በፊት ዎድ ከሚባል ተክል በሚገኝ ቀለም ይነከራል፤ ሴቶች በየቤታቸው ያበጥሩታል፣ ይፈትሉታል፤ ሸማኔ ይሸምነዋል፤ ከዚያ በውሃ ወፍጮ ተወቅጦ እስኪጠብቅ ድረስ ይደቆሳል። የሚወጣው ሰፊና ወፍራም ጨርቅ የላቨንሃም ሰማያዊ እየተባለ ለንደን ብላክዌል ሆል ወደሚባለው የጨርቅ ገበያ ይላካል፤ ከዚያም ባሕር ይሻገራል። ሥራውን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው የጨርቅ ነጋዴው ነው። ሱፉን ገዝቶ ለፈታይ ይሰጣል፣ ክሩን ተቀብሎ ለሸማኔ ያስረክባል፣ ጨርቁን ይሸጣል። ፈታይዋም ሸማኔውም የሚበሉት እሱ በሚከፍላቸው ነበር።

ከ1460ዎቹ እስከ 1530 ባለው ጊዜ ይህ ገንዘብ ወደ ቤት ተለወጠ። በ1464 ሌዲ ስትሪት ላይ ለእመቤታችን ማኅበር ዛሬ ዉል ሆል የሚባለው አዳራሽ ተሠራ። በጎዳናዎቹ ግራና ቀኝ የምናያቸው ቤቶች አብዛኞቹ የእነዚህ 70 ዓመታት ሥራ ናቸው። አሠራራቸውን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል።

አናጢው ኦኩን የሚጠቀመው ሳይደርቅ ነው። የደረቀ ኦክ ብረት ያህል ይጠነክራል፤ እርጥቡ ግን ለመጥረቢያና ለመሮ ይታዘዛል። የቤቱን አንድ ግድግዳ በሙሉ መጀመሪያ በሥራ ቦታው መሬት ላይ ጋደም አድርጎ ይገጣጥመዋል። የአንዱ ግንድ ጫፍ በምላስ ቅርጽ ይጠረባል፣ በሌላው ላይ ልኩ የሆነ ጉድጓድ ይፈለፈላል፤ ምላሱ ጉድጓዱ ውስጥ ከገባ በኋላ በሁለቱም አልፎ ቀዳዳ ይበሳና የኦክ ካስማ ይመታበታል። ሚስማር የለም። የሁለቱ ቀዳዳዎች ልክ ሆን ተብሎ ትንሽ ዝንፍ ይደረጋል፤ ካስማው ሲመታ ምላሱን ወደ ውስጥ ጎትቶ ያጠብቀዋል። ሁሉም ከተስማማ በኋላ በየመጋጠሚያው የሮማውያን ቁጥር የሚመስል ምልክት ይጫርበታል፣ ግድግዳው ይፈታል፣ በጋሪ ወደ ቦታው ይሄዳል፣ እዚያም ምልክቱ ከምልክቱ እየተገናኘ ይቆማል። እነዚህ ጭረቶች ዛሬም በብዙ ቤቶች እንጨት ላይ ይታያሉ። የአናጢዎቹ ስም በአብዛኛው ጠፍቷል፤ የእጃቸው ጽሑፍ ይህ ነው።

የቤቱ እንጨት መሬት አይነካም። ከባልጩት ወይም ከጡብ በተሠራ ዝቅተኛ መሠረት ላይ ወፍራም አግዳሚ ይጋደማል፤ ቋሚዎቹ በእሱ ላይ ይተከላሉ። በቋሚዎቹ መካከል ልምጭ እየተጠላለፈ ይታጠርና ከጭድና ከእበት ጋር የቦካ ጭቃ ከውጭም ከውስጥም ይመረጋል፤ ሲደርቅ ኖራ ይቀባል። የፎቁ ወራጆች ከምድር ቤቱ ግድግዳ አልፈው ወደ ውጭ ይወጣሉ፣ የላይኛው ግድግዳ ጫፋቸው ላይ ይቆማል። ቤቱ በሁለት ጎዳናዎች ማዕዘን ላይ ሲሆን ፎቁ በሁለቱም በኩል መውጣት አለበት፤ ያኔ ከመሐል ወደ ማዕዘኑ በሰያፍ የሚሄድ ኃይለኛ ወራጅ ይገባል፣ ከሥሩም አንድ ወፍራም የማዕዘን ምሰሶ ይደግፈዋል። ያ ምሰሶ በመንገደኛው ዓይን ፊት ስለሚቆም ቅርጻ ቅርጹ የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው።

ባለሀብቶቹ ሀብታቸውን ያሳዩበት ዋናው መንገድ ግን የቋሚዎቹ መቀራረብ ነው። ቤት ለማቆም ቋሚዎችን አንድ ሜትር ያህል እያራራቁ መትከል ይበቃል። የላቨንሃም ነጋዴዎች ግን በቋሚና በቋሚ መካከል የቋሚውን ስፋት ያህል ብቻ እየተዉ አስደረደሩ። ለቤቱ ጥንካሬ ያን ሁሉ እንጨት አያስፈልግም። መንገድ የሚያልፍ ሁሉ ስንት ኦክ እንደወደቀ እንዲቆጥር ታስቦ ነው።

እርጥብ ኦክ ከተገጠመ በኋላ ለዓመታት ይደርቃል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማል። ካስማውና ምላሱ ስለማይለቁት የቤቱ እንጨት እንዳለ አብሮ ይዘማል። ሃይ ስትሪት ላይ ያለው፣ ሁሉም ፎቶ የሚያነሣው ጠማማ ቤት እንዲህ ካሉት አንዱ ነው። ግንብ እንዲህ ቢዘም ይሰነጠቅና ይወድቃል። የእንጨት ቤት ግን ከመሬቱና ከክብደቱ ጋር እየተስማማ ይኖራል።

በ1485 13ኛው የኦክስፎርድ ኧርል ጆን ደ ቬር በቦስወርዝ ጦርነት ላይ ለሄንሪ ቱዶር ተሰልፎ ድል አደረገ፤ ሄንሪም ሄንሪ 7ኛ ተብሎ ነገሠ። ከድሉ በኋላ ኧርሉና የመንደሯ ነጋዴዎች የቅዱስ ጴጥሮስና የቅዱስ ጳውሎስን ቤተ ክርስቲያን እንደ አዲስ ማሠራት ጀመሩ። ከነጋዴዎቹ ታላቁ ቶማስ ስፕሪንግ ነበር፤ በቤተሰቡ በዚህ ስም የተጠራ ሦስተኛው ነው። በ1523 ሲሞት ለግንቡ ማማ ማስፈጸሚያ 200 ፓውንድ ተናዘዘ። ማማው 43 ሜትር ይረዝማል። በቤተ ክርስቲያኑ ድንጋይ ላይ የደ ቬር ኮከብ ተቀርጿል፤ የስፕሪንግ የንግድ ምልክትም አብሮ አለ። በርስት የከበረና በሱፍ የከበረ ሰው በአንድ ግንብ ላይ ምልክታቸውን ጎን ለጎን ማስቀመጣቸው ዘመኑ መለወጡን ያሳያል።

በ1524 በተጣለው ግብር ላቨንሃም ከሰሜኑ ትልቅ ከተማ ከዮርክ የበለጠ ከፈለች። ከዚያ ግብር ውስጥ ብዙውን የከፈሉት ግን ጥቂት ቤተሰቦች ነበሩ፤ ሸማኔውና ፈታይዋ ከሳምንታዊ ገቢያቸው የሚተርፍ አልነበራቸውም። ይህ ልዩነት በዓመቱ ፈነዳ።

በ1525 የፈረንሳይ ንጉሥ ፓቪያ ላይ ሲማረክ፣ ሄንሪ 8ኛ ፈረንሳይን ለመውረር አጋጣሚ አገኘሁ አለ። ገንዘብ ግን አልነበረውም። ዋና አማካሪው ካርዲናል ዎልሲ ያለ ፓርላማ ፈቃድ አዲስ መዋጮ ጣለ፤ ከምእመኑ ንብረት አንድ ስድስተኛ፣ ከካህናቱ አንድ ሦስተኛ። ስሙንም በወዳጅነት የሚሰጥ ስጦታ አሉት። የሰፎክ የጨርቅ ነጋዴዎች በሰፎክ ዱክ ፊት ቀርበው እሺ ብለው ተመለሱ፤ ቤታቸው እንደገቡም ፈታዮቻቸውንና ሸማኔዎቻቸውን ጠርተው የምንከፍላችሁ የለንም ብለው አሰናበቱ። ወደ 4,000 የሚጠጋ ሰው ላቨንሃም ላይ ተሰበሰበ። የአመፁ ምልክት የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ነበር፤ አንድ ባለጸጋ ቀድሞ የደወሎቹን ምላስ አስወልቆ ስለነበር ሳይደወል ቀረ ይባላል። የኖርፎክና የሰፎክ ዱኮች ጦር ይዘው መጡ፣ ድልድዮችንም አፈረሱ። የኖርፎኩ ዱክ አለቃችሁ ማን ነው ብሎ ሲጠይቅ ጆን ግሪን የተባለ ሰው አለቃችን ድህነት ነው ብሎ እንደመለሰ የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ኤድዋርድ ሆል መዝግቧል። ንጉሡ መዋጮውን ተወ፤ የታሰሩትም ምሕረት አገኙ።

ዛሬ ጎብኚ በነዚህ ጎዳናዎች ሲሄድ የሚያደንቀው የነጋዴዎቹን ቤት ነው። በዚያ አመፅ የተሰበሰቡት ሰዎች የኖሩባቸው ደሳሳ ጎጆዎች ግን አብዛኞቹ የሉም። ቤቶቹን ሳይ ይህን መርሳት አልፈልግም።

አመፁ ካለፈ ከአራትና አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1529 ወይም በ1530 ገደማ፣ ገበያው ሜዳ ላይ የመንደሯ ኩራት የሆነው አዳራሽ ቆመ። ያሠራው የክርስቶስ ሥጋ ማኅበር የሚባል የባለጸጎች ማኅበር ነው። አባላቱ በበዓሉ ቀን አብረው ይበላሉ፣ የሞተባቸውን ይቀብራሉ፣ ለነፍሱ ያስጸልያሉ፤ በዚያውም ስለ ንግዳቸው ይመካከራሉ። ቋሚዎቹ እጅግ የተቀራረቡ፣ መስኮቶቹ ከግድግዳው ወጣ ያሉ፣ ደጀ ሰላሙ በቅርጽ የተሞላ ነው፤ የሰፎክ አናጢነት ከዚህ ሕንፃ በላይ የደረሰ አይመስለኝም። ማኅበሩ ግን 20 ዓመት እንኳ አልተጠቀመበትም። በ1547 በኤድዋርድ 6ኛ ዘመን የወጣው ሕግ እንዲህ ያሉትን ሃይማኖታዊ ማኅበራት አፈረሰ፣ ንብረታቸውንም ዘውዱ ወሰደ።

ጨርቁም ከዚያ በኋላ ብዙ አልዘለቀም። ከ1560ዎቹ ጀምሮ ከስፔን አገዛዝ የሸሹ የኔዘርላንድ ሸማኔዎች ኮልቸስተር ሰፈሩ። ቀጭን፣ ቀላልና ርካሽ ጨርቅ መሸመን ያውቃሉ፤ ገበያውም ወደዚያ ዞረ። ወፍራሙን ሰማያዊ የሚጠይቅ እያነሰ ሄደ። ከ1600 በኋላ ላቨንሃም ባለፈው ሀብቷ ቤቶች ውስጥ የምትኖር ድሃ መንደር ሆነች።

በሌሎች ከተሞች ገንዘብ ያለው ሰው በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት የአያቱን የእንጨት ቤት አፍርሶ በጡብ ሠራ፤ ለማፍረስ አቅም ያነሰው ፊት ለፊቱን በጡብ ሸፈነ። በላቨንሃም ይህን ያደረጉት ጥቂቶች ናቸው። ሌላው ያደረገው አቅሙ የፈቀደውን ነው፦ ክፍት የነበረውን አዳራሽ በወለል ከፈለ፣ የጡብ ጭስ ማውጫ አስገባ፣ ትልቁን ቤት ለሦስትና ለአራት ተከራይ አከፋፈለ፣ ነፋስ እንዳይገባ እንጨቱን በኖራ ልስን ሸፈነ። ልስኑ ቤቶቹን ደበቃቸው፣ ጠበቃቸውም። የክርስቶስ ሥጋ ማኅበር አዳራሽም በየዘመኑ ሥራ አላጣም፤ ከ17ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ ወህኒ ቤት ሆነ፣ ከዚያ የድሆች ማደሪያ፣ ከዚያ የሱፍ መጋዘን።

በዚህ የእንቅልፍ ዘመን ሺሊንግ ስትሪት ላይ ካሉት አሮጌ ቤቶች በአንዱ ጄን ቴይለር የምትባል ልጅ አደገች። ቤተሰቧ የገባው በ1786 ሲሆን የሄደው በ1796 ነው። በ1806 የታተመው ስለ ኮከብ የጻፈችው ግጥም ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ትዊንክል ትዊንክል ነው፤ የአዲስ አበባ መዋዕለ ሕፃናት ልጆችም በቃላቸው ይሉታል።

በ19ኛው መቶ ዓመት የፈረስ ጭራ መሸመን የመንደሯ መተዳደሪያ ሆነ፣ በ1865 ባቡር ገባ። ባቡሩ ሠዓሊዎችንና አሮጌ ነገር ወዳዶችን ይዞ መጣ። በ1877 ዊልያም ሞሪስ የጥንት ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበርን ለንደን ላይ መሠረተ፤ አሮጌ ሕንፃ በአዲስ መልክ ይታደስ የሚለውን ፋሽን ተቃውሞ፣ ይጠገን እንጂ አይለወጥ የሚል ትምህርት ነበረው። በ1887 ሰር ከትበርት ኲልተር የተባሉ የፓርላማ አባል የላቨንሃምን የክርስቶስ ሥጋ ማኅበር አዳራሽ ገዝተው አስጠገኑት።

ከሁሉ የከበደው ፈተና በ1911 መጣ። ዉል ሆል ተሸጠ፣ እንጨቱ እየተፈታ ወደ ሌላ ቦታ ሊወሰድና እዚያ ሊተከል ሆነ። መፍታቱ ቀላል ነበር፤ መጀመሪያውንም ተፈትቶ እንዲገጠም የተሠራ ነውና። ነገር ግን ከመንደሯ ተቃውሞ ተነሣ፣ ጩኸቱ ተሰማ፣ እንጨቱ ተመልሶ በቦታው ቆመ። ከዚያ በፊት ማንም ሰው አሮጌ ቤቱን ሸጦ ቢያስነሣ የራሱ ጉዳይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን መንደሪቱ ቤቶቿን እንደ ጋራ ንብረት ማየት ጀመረች።

በ1920ዎቹ መንታ ወንድማማቾቹ ሮበርትና ቶማስ ጋየር አንደርሰን ሊትል ሆልን ገዝተው አስጠገኑት። ሮበርት በግብፅ ያገለገለ ሐኪምና መኮንን ነበር፤ ካይሮ ከኢብን ጡሉን መስጊድ አጠገብ የጠገነው ሌላ አሮጌ ቤት ዛሬ በስሙ የሚጠራ ሙዚየም ነው። በ1944 ከመንደሯ ውጭ በተሠራው የአየር ማረፊያ 487ኛው የአሜሪካ የቦምብ ጣይ ክፍል ሰፈረ፤ አውሮፕላን አብራሪዎቹ ስማቸውን የጻፉበት ግድግዳ ስዋን ሆቴል ውስጥ እስካሁን ተጠብቋል። ዉል ሆልም በኋላ የዚሁ ሆቴል አካል ሆኗል።

ከጦርነቱ በኋላ ጥበቃው ሕግ አገኘ። በ1947 የወጣው የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ ታሪካዊ ሕንፃዎች እንዲመዘገቡ አደረገ፤ በ1951 የክርስቶስ ሥጋ ማኅበር አዳራሽ ናሽናል ትረስት ለሚባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት ተላለፈ፤ በ1967 ደግሞ ሕጉ ከአንድ ቤት አልፎ ሙሉ ሰፈርን መጠበቅ እንዲቻል ፈቀደ። በ1960ዎቹ የላቨንሃም የስልክና የመብራት ሽቦዎች ከጎዳናው ላይ ተነሥተው መሬት ውስጥ ተቀበሩ።

ለአሮጌ ቤቶች ያለው ፍቅር ግን ጉዳትም አድርሷል። የ20ኛው መቶ ዓመት ባለቤቶች እንጨቱ እንዲታይ ብለው ከብዙ ቤቶች ላይ ልስኑን ፋቁት። ቋሚዎቹ ለመታየት በተሠሩባቸው ቤቶች ይህ ተገቢ ነው። ተራ እንጨት በነበራቸውና ከመነሻቸው እንዲሸፈኑ ታስበው በተሠሩት ላይ ግን ለዝናብ አጋለጣቸው። እንጨትን በጥቁር ቀለም መቀባትም የቪክቶሪያ ዘመን ፋሽን ነው፤ በሰፎክ ኦኩ ሳይቀባ ብርማ ግራጫ እስኪሆን ይተው ነበር፣ ወይም ከጭቃው ጋር በአንድነት ኖራ ይቀባ ነበር። ከሁሉ የከፋው ሲሚንቶ ነው። ኖራና ጭቃ እርጥበቱን መልሰው ለአየር ይሰጣሉ፤ ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል። ከውጭ ደረቅና ጠንካራ በሚመስል ግድግዳ ውስጥ 500 ዓመት የቆየ አግዳሚ በጥቂት አሥርት ዓመታት በስብሶ እንደ አፈር ይፈረፈራል።

አሁን በጥገና የሠለጠኑ አናጢዎች ሲሚንቶውን በጥንቃቄ እያነሡ ነው። የበሰበሰው ጫፍ ብቻ ተቆርጦ አዲስ ኦክ ይቀጠልበታል፤ ደህና የሆነው አሮጌ እንጨት አንድ ጣት ያህል እንኳ አይነካም። ቅጥሉ የሚያዘው በኦክ ካስማ ነው፣ ግድግዳው የሚመረገው ጭድ በገባበት ጭቃ፣ የሚቀባውም ኖራ ነው። ሥራው ውድ ነው፣ ያለ ፈቃድም አይጀመርም፤ ኖራው ደግሞ በየጥቂት ዓመቱ እንደገና መቀባት አለበት።